በመርከቧ ላይ የነበረው ሰው

ኔስታ ነገሩን የሰማችው ከራሷ በላይ ባለው የሳንቃ ወለል ስንጥቅ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ሩዙ እሳት ላይ እንዳለ። ወንድሟ ክሊፎርድ ከሚስቱ ከጆይሲ ጋር ላይኛው ቤት ሻይ ይጠጣል፤ እሷ ደግሞ እታች፣ በቤቱ ምሰሶዎች መካከል በቆርቆሮና በኮምፔንሳቶ ተከልላ በተሠራችው ክፍል ውስጥ የልጇን የኳስ ጫማ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ሴት ልጅ ከወንድሟ ራስ በላይ አትራመድምና፣ ኩኩም ሰፈር ከገቡ ጀምሮ እሱ ላይ እሷ ታች መሆናቸውን ማንም አንድ ቀን እንኳ አንስቶት አያውቅም። እንዲህ ያለው አኗኗር አንድ ጥቅም አለው፤ የታችኛው ሰው የላይኛውን ሁሉ ይሰማል። ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ስኳር ማን እንደሚያበዛ፣ ከማላይታ ደሴት የመጣው የትኛው ዘመድ መቼ እንደሚሸኝ ኔስታ ከባለጉዳዮቹ ቀድማ ታውቃለች። ላይኞቹ ግን ከእግራቸው ሥር ጆሮ መኖሩን ከረሱት ቆይተዋል።

«የኔስታ ልጅስ?» አለች ጆይሲ።

«ወረቀቱ አሥራ ስምንት ይላል። ከአሥራ ሰባት በታች ውድድር ላይ አሥራ ስምንት የሞላው ልጅ አይገባም። እኔ ምን ላድርግ?»

«ልጁ አሥራ ስድስት መሆኑን ታውቃለህ እኮ።»

«እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው» አለ ክሊፎርድ። ማንኪያው ኩባያውን ሲመታ ይሰማል። «ደግሞ ማን ሊናገር ነው? ኔስታ? እኔ ፊት ቆማ ስለ መውለድ ልታወራ? ሞቷን ትመርጣለች። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ስም ዝርዝሩ ይዘጋል፤ በእሱ ቦታ የእህትሽን ልጅ አስገባለሁ፣ አለቀ።»

ጆይሲ ሳቅ አለች፤ ሰንብቶ የነበረ ጭንቀት ሲለቅ የሚመጣ ሳቅ ነው። ኔስታ ጨርቁን እንደጨበጠች ቀረች። መጀመሪያ አፈረች። ወንድም ስለ እህቱ መውለድ ሲያወራ መስማት በራሱ ነውር ነውና፣ ያወራው እሱ ሆኖ ሳለ የጋለው የእሷ ጆሮ ነበር። ንዴቱ የመጣው ኋላ፣ የሩዙ የማረር ሽታ ሲመታት ነው። ሞቷን ትመርጣለች ያለው አንጀቷን አሳረረው። ባያውቃት ኖሮ ባልከፋት፤ አሳምሮ ስላወቃት ነው እንዲህ ተዝናንቶ ሻዩን የሚያማስለው።

የደሴቶቹ የወጣቶች ዋንጫ ዘንድሮ የሚደረገው በእነሱ ከተማ በሆኒያራ ነበር። ፊጂዎቹ ገብተዋል፣ ታሂቲዎቹ ገብተዋል፣ ቫኑዋቱዎቹ ትናንት ማታ ሻንጣቸው መንገድ ላይ ሱቫ ቀርቶባቸው ባዶ እጃቸውን ገብተዋል። ከተማው ሽር ጉድ ይላል። ዓመት ከዓመት አፉን ከፍቶ የኖረ የመንገድ ጉድጓድ ሁሉ በኮራል ጠጠር ተደፍኗል፣ አጥሩ ላይ የተተፋው ቀይ የምራቅ እድፍ በተማሪ ጉልበት ታጥቧል፣ ምራቅ የሚያቀላውን የሚታኘክ ፍሬ ከነኖራው የሚቸረችሩት ሴቶች ከስታዲየሙ በር ተነስተው ወደ ወንዙ ተገፍተዋል። ክሊፎርድ የአገሩ ቡድን መሪ ነው። ማን ይጫወታል የሚለውን አሰልጣኙ ይወስናል፤ የማን ወረቀት ያልፋል የሚለውን ግን ክሊፎርድ። ልጇ ላዶሜያ ደግሞ ግራኝ ነው። ኔስታ ስለ ኳስ የምታውቀው ጥቂት ቢሆንም፣ ልጇ ኳስ ሲይዝ ኮረብታው ላይ በነፃ ተቀምጦ የሚያየው ሕዝብ ማኘኩን እንደሚያቆም በዓይኗ አይታለች። ስድስት ወር ሙሉ ጎህ ሲቀድ ባሕሩ ዳር ሮጧል፤ ጫማው እንዳያልቅ በባዶ እግሩ። ከዚህ ውድድር ላይ አንድ የኒውዚላንድ ትምህርት ቤት ሁለት ልጆች መርጦ ይወስዳል እየተባለ ይወራል። የሚቀጥለው ዋንጫ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ እውነተኛ ዕድሜውም አይፈቅድለትም።

የወረቀቱ ስሕተት የማንም ተንኮል አልነበረም። ኔስታ ከላዶሜያ በፊት ሌላ ላዶሜያ ነበራት፤ አሥር ወር ኖሮ ወባ ወሰደው። የአያት ስም ሜዳ ላይ ወድቆ አይቀርምና ሁለተኛው ሲወለድ ስሙን ወረሰ፤ ከስሙም ጋር የሟች ወንድሙን ብርድ ልብስና የክሊኒክ ካርድ ወረሰ። ትምህርት ቤቱ የልደት ወረቀት አምጡ ሲል፣ ነፍሱን ይማረውና ባሏ ሣጥን ውስጥ ያገኘውን ካርድ አንስቶ ሄደ። የልጁ ስም ልክ ነው፣ የአባቱ ስም ልክ ነው፤ ቀኑን ማን ልብ ይላል? የሟች ወንድማቸውን ዕድሜ ይዘው የሚማሩ ልጆች በዚያ ሰፈር ቢሰበሰቡ አንድ ቡድን ተጠባባቂው ሳይቀር ይሞላል።

ሁለተኛው ልጅ የተወለደው «ማርታ» በምትባለው መርከብ ላይ ነው። የንግዱ ሰፈር ቻይናታውን መጀመሪያ በተቃጠለበት ዓመት፣ ለገና ወደ ማላይታ ስትሻገር፣ ምጡ ከቀኑ ቀድሞ ባሕር መካከል ያዛት። ሴቶቹ አንሶላ ወጥረው ከለሏት፤ ወንዶቹ አንድ ሳይቀር ተነስተው ወደ መርከቧ ፊት ሄዱ። ከእነሱ መካከል አንዱ የያኔው የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ክሊፎርድ ነበር። ከእህቱ ጩኸት የሚሸሽበት ቦታ አጥቶ፣ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ እስኪነጋ ብረቱ ላይ ተቀመጠ። ጓደኞቹ ለዓመታት በዚያ ሲያላግጡበት ኖሩ፤ ወንድምና እህት ግን ስለዚያች ሌሊት አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። የልደቱን ቀን እንደ እሱ አድርጎ የሚያስታውስ ሰው የለም።

ኔስታ ያረረውን ሩዝ ለውሻው ደፍታ ወጣች። የዓሣ መጥበሻዋን ያን ቀን አላነሳችውም፤ ገበያዋን ለጎረቤቷ ለቀቀች። እትብቱን የቆረጠችው ነርስ ግላዲስ በሕይወት አለች፤ ጡረታ ወጥታ በርንስ ክሪክ በሚባለው ሰፈር ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖራለች። የሚኒባሱ ረዳት ሦስት ዶላር የነበረውን አምስት ጠየቃት። ምን ተገኘ ብትለው ለእንግዶቹ ሲባል ነው አላት። እንግዶቹ በሚኒባስ ይሄዳሉ እንዴ ብትለው፣ የምትሄዱትማ እናንተ ናችሁ ብሎ እጁን ዘረጋ። ድልድዩ ላይ የፊጂ ልጆች አውቶቡስ መዝሙር በአራት ድምፅ እየዘመረ አጠገባቸው ቆመ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ ክንዳቸውን አይቶ፣ ከአሥራ ሰባት በታች ከሆኑስ ሁለቱ ልጅ ድረዋል ሲል ሚኒባሱ በሳቅ ተሞላ። የእኛዎቹስ? አለ ሌላው። የእኛዎቹ ጠግበው ስለማያውቁ ሃምሳ ሲሞላቸውም ልጅ ይመስላሉ ተባለ። ኔስታ ከሁሉም ጋር ልትስቅ ሞክራ አቃታት።

ግላዲስ ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሊጥ በቀለበት ቅርጽ እየጠቀለለች ዘይት ውስጥ ትጥላለች። አንዱ ቀለበት ሁለት ዶላር፤ ድሮ አንድ ዶላር እያለ ይበልጥ ወፍራም ነበር። ክፍሏ ውስጥ አልጋው እስከ ጣራ በተደረደረ የዱቄት ጆንያ ተከቧል፤ ግድግዳው ላይ የነርስነት ምስክር ወረቀቷ በጭስ ጠቁሮ ተሰቅሏል። ኔስታ ነገሩን ስትነግራት እጇን ከሊጡ አላወጣችም፣ ቀናም አላለች። ሁሉን ከሰማች በኋላ የልጅ ልጇን ደብተር አንስታ ከመሐሉ አንድ ገጽ ቀደደች፤ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠርጋ በዚያ በሆስፒታል እጅ ጽሑፏ ጻፈችው፤ ዓመተ ምሕረቱን፣ ታኅሣሥ ሃያ አንድን፣ የመርከቧን ስም፣ የልጁን ክብደት በግምት፣ የነርስነት ቁጥሯን። ኔስታ የሕፃኑ ክብደት እስከ አሁን ትዝ ይልሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ትልቅ ዓሣ ያህል ነበር አለቻት ግላዲስ።

«ወንድምሽ እዚያ ይኖራል?»

«ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።»

«እንግዲያው ልጄ፣ ወረቀቱን ስጪና ውጪ። እሱ ፊት አፍሽን እንዳትከፍቺ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ እኔ ብጽፈው ማንም ምንም አይለኝም። አንቺ ግን ከእነሱ ጋር ነው የምትኖሪው።»

ኔስታም ሐሳቧ ይኸው ነበር። ወረቀቱ ይናገርላታል፤ እሷ ዝም ትላለች፤ ልጁ ይጫወታል፤ ወንድሟም ፊቱ አይጠቁርም። ግላዲስ በጋዜጣ የጠቀለለችላትን ሁለት ቀለበት ኬክ ይዛ ስትመለስ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ ብላ አንዱን በላችው። ሌላውን ለላዶሜያ አስቀረችለት።

ምዝገባው የሚካሄደው በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተደርድረዋል፣ አባቶችና አጎቶች በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገዋል። ላዶሜያ ጥጉ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፤ ስሙ እንደማይጠራ የነገረው ባይኖርም ከአጎቱ ፊት ተረድቶታል። ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ከሳሞአ የመጣችው የምዝገባ ኃላፊ ወይዘሮ ሉፔ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ወረቀት ታገላብጣለች። በቀኟ ክሊፎርድ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ የቡድን መሪነት መታወቂያውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። በግራዋ የአሰልጣኙ ረዳት ሄንሪ ያስተረጉማል። ኔስታ ወንድሟን ሳታይ አለፈችና ደብዳቤውን በሁለት እጇ ለሴትየዋ ሰጠቻት።

ወይዘሮ ሉፔ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ካርዱን፣ ከዚያ ልጁን፣ ከዚያ እንደገና ደብዳቤውን አየች። ደብዳቤው ጥሩ ነው አለች በሄንሪ በኩል፤ ነገር ግን ደንቡ ሁለት ምስክር ይላል፤ አንዱ ከቤተሰብ መሆን አለበት፤ እናት ደግሞ አትቆጠርም። ልጁ ሲወለድ ከቤተሰብ ማን ነበረ?

ኔስታ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር። ከቤተሰብ ማን እንደነበረ አዳራሹ ውስጥ ካሉት አባቶች ቢያንስ ሦስቱ ያውቃሉ፤ ከእሱ ጋር መርከቧ ፊት ላይ ተቀምጠው ያነጉ ናቸው። ሁሉም ጣራውን ያያሉ። ክሊፎርድ በመታወቂያው ገመድ ይጫወታል። አሁንም እንኳ ይህን ነገር በሌላ መንገድ ሊያድነው ይችል ነበር፤ አንድ ቃል፣ እኔ ዘመዱ ነኝ አውቃለሁ ቢል፣ ስለ ምጥም ስለ መርከብም ሳይነሳ ያልቅ ነበር። ኔስታ ያን ቃል ጠበቀች።

ክሊፎርድ ወደ ወይዘሮ ሉፔ ዘንበል ብሎ፣ በትሕትና፣ «እመቤቴ፣ ያሳዝናል፤ ሌላ ሰው የላትም» አላት።

ኔስታ ዓይኗን በጨው ያጠበችው ያኔ ነው።

«ወንድሜ ነበረ» አለች። ድምፅዋ ከፍ ያለ አልነበረም፤ አዳራሹ ዝም ስላለ ግን ከመስኮቱ ውጭ ድረስ ተሰማ። «ይህን ልጅ በ‹ማርታ› ላይ ስወልድ ይሄ ወንድሜ መርከቧ ላይ ነበረ። ጩኸቴን እስኪነጋ ሰምቷል።»

አንድ ሰው ከውጭ አጉረመረመ። ከመስኮቱ ላይ ራሶች አንድ በአንድ ጠፉ። ወይዘሮ ሉፔ ወደ ሄንሪ ዞራ ምን አለች ብላ ጠየቀችው። ሄንሪ የውኃ ጠርሙሱን አነሳ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ መልሶ ከደነው። እንዲህ ያለውን ነገር ወንድም ፊት መናገር ነውር ከሆነ ማስተርጎሙም ያው ነው፤ ቀና ሳይል ዝም አለ። ሴትየዋ ደግማ ጠየቀችው፤ ደግሞ ዝም አለ። ኔስታ ስድስተኛ ክፍል ላይ የተወችውን እንግሊዝኛ ከያለበት ለቃቀመችው።

«ወንድም» አለች በአገጯ እየጠቆመች። «መርከብ። እኔ መውለድ። እሱ መርከብ ላይ።»

ወይዘሮ ሉፔ መነጽሯን አወለቀች። የሳሞአ ሴት ናትና፣ እዚያም ወንድምና እህት ስለሚተፋፈሩ፣ የቃሉን ትርጉም ከሰዉ ዝምታ ሳትረዳው አልቀረችም። ክሊፎርድን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «እውነት ነው?» አለችው፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር።

የክሊፎርድ ደም ሥር ግንባሩ ላይ ተገተረ። ኔስታ ወንድሟን ስለምታውቀው ምን እያሰበ እንደሆነ አልጠፋትም። ቢክድ መስክረው የሚያሳፍሩት ሦስት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ አሉ። እህቱ የምታጣውን አጥታለች፣ ከእንግዲህ የምትፈራው ነገር የለም። እና ክሊፎርድ ሞኝ አይደለም። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ለአዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «እውነት ነው» አለ። «ታኅሣሥ ሃያ አንድ፣ ሊነጋ ሲል። ያፈርኩበት ነገር ቢሆንም እንግዳ ፊት አልዋሽም። እኔው እፈርማለሁ።» ጎንበስ ብሎ ፈረመ፤ ፊርማው ያማረ ነበር። ከዚያ እህቱ ወዳለችበት ሳይዞር በጓሮ በር ወጣ። ሰዉ ተነፈሰ። ከአባቶቹ አንዱ ራሱን እየነቀነቀ፣ እንዲህ ያለ ሰው፣ በዚህ ሁሉ ውርደት መካከል እውነቱን አወጣ እኮ አለ። ሌላውም ይህን ደገመው። እስከ ማታ ድረስ ኩኩም ላይ የሚወራው ይኸው ይሆናል።

ኔስታ ልጇን ፈለገችው። ላዶሜያ ካናቴራውን ወደ ላይ ስቦ ፊቱን ሸፍኗል። አጠገቡ የነበሩት ልጆች አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ስሙ ሲጠራም ፊቱን አልገለጠም፤ አሰልጣኙ መጥቶ ትከሻውን ይዞ አስነሳው። ወይዘሮ ሉፔ በሩ ድረስ ተከትላ ካርዱን ስትመልስላት፣ ቀላል ቃል እየመረጠች፣ በእኛ አገር እህት እንዲህ እስክትናገር ካደረሳት የሚያፍረው ወንድም ነው አለቻት። ኔስታ ገባት። «እሱማ እኮ ተመሰገነ» አለች በራሷ ቋንቋ፣ ሴትየዋ እንደማይገባት እያወቀች።

ቤት ስትደርስ ልብሷ በሁለት የሩዝ ጆንያ ታስሮ ደጃፏ ላይ ተቀምጧል። ጆይሲ ደረጃው ግርጌ ቆማ ትጠብቃታለች። ታች ቤት ደጃፍ ከመጣች ወራት ሆኗታል። ዓይኗ ቀልቷል፤ የእህቷ ልጅ ተጠባባቂ ሆኖ መቅረቱን ሰምታለች። ክሊፎርድ ከእህቱ ጋር ከእንግዲህ ቃል ስለማይለዋወጥ መልእክቱ በእሷ በኩል መጣ። ጆይሲ እንደ ሸመደደችው ትምህርት አንድ በአንድ አወረደችው፤ ልጁ እስከ ውድድሩ ፍጻሜ ላይኛው ቤት ከአጎቱ ጋር ይሆናል፤ ኒውዚላንዶቹም ከመረጡት ወረቀቱን የሚፈርም አጎቱ ነው፤ «ማርታ» ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ማላይታ ትነሳለች፤ የመርከቧ ቲኬት ይኸው።

«ካሣውስ?» አለች ኔስታ። «ስንት ገመድ የዛጎል ገንዘብ ይፈልጋል? አሳማውንስ?»

«ምንም አይፈልግም። ለእግዚአብሔር ብሎ ይቅር ብሎሻል።»

ኔስታ ከጆንያዎቹ አንዱ ላይ ቁጭ አለች። ካሣ ቢጠይቅ ዘመድ ለምና፣ ዓሣ ጠብሳ፣ ዓመትም ይፍጅ ሁለት ዓመት ትከፍለው ነበር። ዛጎሉ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ አብረው ይበላሉ፣ ነገሩ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያነሳው ሰው ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል። ካሣ ያልተቀበሉት ጥፋት ግን አይዘጋም። ክሊፎርድ ይቅር ባዩ ሆኖ፣ እሷም ባለጌዋ ሆና ዕድሜ ልካቸውን ሊኖሩ ነው። ይህን ሁሉ ለጆይሲ ልትነግራት አሰበችና ተወችው። ጆይሲም የምትለውን ጨርሳ ነበርና የደረጃውን እጀታ ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

ላዶሜያ የመጣው ጥቂት ቆይቶ ነው። አዲሱን ማሊያ ለብሷል፤ ጀርባው ላይ አሥራ አንድ ቁጥር አለ፣ ትከሻው ላይ የመታጠፊያው መሥመር ገና አልጠፋም። ባዶዋ ክፍል ውስጥ ቆሞ እዚህም እዚያም አየ። እናቱን ብቻ አላየም።

«ዝም ብትይ ይሻል ነበር፣ እማ።»

«ዝም ብል አትጫወትም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። ከዚያ፣ «ጫማዬን የት አደረግሽው?» አላት።

ጠዋት ወልውላ ከምድጃው አጠገብ እንዲደርቅ ገልብጣው ነበር። አንስታ ሰጠችው። ማሰሪያው ላይ የደረቀ ጭቃ ነበረ፤ በጥፍሯ ልትፍቀው ስትጀምር ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደው። ኬኩን ከጋዜጣው አውጥታ ሰጠችው፤ እሱንም ተቀበላት። በሬዲዮ ስሚኝ አላት፤ አጎቱ እየጠበቀው እንደሆነ ነግሯት ወጣ። ኔስታ ኮቴውን በጆሮዋ ተከተለችው፤ ደረጃውን ወጣ፣ በረንዳውን አለፈ፣ ሳሎኑ መሐል ደረሰ። አንድ ወንበር ተሳበ። የክሊፎርድ ድምፅ፣ ና ብላ፣ ነገ ትሮጣለህ አለ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጎኗ የተኛ ልጅ ከራሷ በላይ ሲራመድ የሰማችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ጆንያዎቿን ተሸክማ ወጣች።

«ማርታ» አርጅታለች። ዝገቷን በቀለም ላይ ቀለም እየቀቡ ሸፍነውላታል፤ የኋላው ወለል ግን ያው ነው፣ ከሞተሩ ጭስ ማውጫ አጠገብ ያለው ብረትም ያው ነው። ሰዉ ምንጣፉን ዘርግቶ፣ የሩዝ ከረጢቱንና የዘይት ጀሪካኑን ትራስ አድርጎ፣ እግር ከእግር ተጋጥሞ ተኝቷል። ኔስታ ማንም ሳያመላክታት የድሮ ቦታዋን አገኘችው፤ ምንጣፏን በሁለት ሽማግሌዎችና በአንድ ወጣት መካከል አጣጥፋ ለመቀመጥ ያህል አነጠፈች። መርከቧ ስትነሳ ከባሕሩ ላይ የስታዲየሙ መብራት ታየ። ዛሬ ነው የሞከሩት፤ ኮረብታው ሁሉ ነጭ ሆኗል፣ ሰዉም ኦ እያለ እጁን ይጠቁማል።

ወጣቱ ስልኩ ላይ ሬዲዮ ከፈተ። የቡድኑ ስም ዝርዝር እየተነበበ ነበር። ለእያንዳንዱ ስም ከየመንደሩ አንድ ሰው አለሁ ይላል፣ ይሳሳቃሉ። አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ ጋዜጠኛው ድምፁን አሳመረ፤ ላዶሜያ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ አባቱ የሞተበት፣ በአጎቱ እጅ ያደገ፤ አጎቱ የቡድኑ መሪ ክሊፎርድ ዛሬ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ልጁ ዕድሜ በመመስከራቸው አዳራሹን ያስለቀሱ፣ እያለ ቀጠለ። እንዲህ ያለ አጎት ይስጥህ አሉ በቀኟ የተኙት ሽማግሌ ለወጣቱ። በግራዋ ያሉት ደግሞ ልጁን ኮረብታው ላይ ሆነው አይተውት እንደነበር አወሩ፤ ያ ግራ እግር ከየት እንደመጣ አንድዬ ይወቀው አሉ።

«ከዚህ ነው የመጣው» አለች ኔስታ።

ሦስቱም ወደ እሷ ዞሩ።

«እዚህ ብረት ላይ ነው የወለድኩት። እኔ ነኝ እናቱ። ጭንቅላቱ ትልቅ ነበር፣ እስኪነጋ አስጮኸኝ። ክሊፎርድ ደግሞ እዚያ ፊት ተቀምጦ ነበር፣ ጃኬቱን ተከናንቦ።»

ወጣቱ ሬዲዮውን አጠፋ። በቀኟ የነበሩት ሽማግሌ ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ፣ አገኙት፣ ከረጢታቸውን አንስተው ወደ መርከቧ ፊት ሄዱ። በግራዋ ያሉት ተከተሏቸው። ወጣቱ ምንጣፉን መጠቅለል ረዘመበትና እየጎተተ ሄደ። ከእነሱ ባሻገር የነበሩት ወንዶችም፣ የሰሙትም ያልሰሙትም፣ ሌላው ሲነሳ እያዩ አንድ በአንድ ተነሱ። ከሴቶቹ አንዷ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። አንሶላ የወጠረ አልነበረም።

ኔስታ የታጠፈውን ምንጣፍ ፈታችው፤ ሙሉውን ዘረጋችውና ጋደም አለች። ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር።